ለአሮጌ ዴስክቶፕ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይገጥመኛል?

ድምፀ_ብርቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሥር ዓመት ያህል ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ አለኝ። ጠባብ ኬዝ ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ የሚቀመጠው ዓይነት ነው። ውስጡ ያለው 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ጢም ብሎ ሞልቷል። የምሠራው የቤተሰብ ታሪክ መቅዳት ነው። አያቶቼን፣ አክስቶቼን፣ የማውቃቸውን ትልልቅ ሰዎች ቁጭ አድርጌ በድምፅና በቪዲዮ እቀዳቸዋለሁ፤ ከዚያ ማታ ማታ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ እየቆራረጥኩ አስተካክለዋለሁ። ከቀዳኋቸው ውስጥ በሕይወት የሌሉም ስላሉ ዳግም የሚገኝ ነገር አይደለም።

እና 4 ቴራ ልገዛ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ አለኝ ብሎ ፎቶ ልኮልኛል፤ ከአዲሱ በጣም ይረክሳል። «ሃርድ ዲስክ ሃርድ ዲስክ ነው፣ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ይገጥማል» ብሎኛል። ስቲከሩ ላይ 4 ቴራ፣ 7200 አርፒኤም፣ ሳስ፣ 6 ጊጋቢት ይላል። የእኔም ማዘርቦርድ 6 ጊጋቢት ስለሚል ይሄዳል መሰለኝ። ነገ ጠዋት ልቀበለው ተስማምተናል። ሌላ ማየት ያለብኝ ነገር አለ?

ካቻቢቴ፦

ልጄ፣ ነገ እንዳትቀበዪው። አሁኑኑ ደውለሽ ይቅርብኝ በዪው።

ሳስና ሳታ በአንድ ፊደል ቢለያዩም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሳስ ለሰርቨር የተሠራ ነው፣ ሳታ ደግሞ እንደ አንቺ ላለው ተራ ኮምፒውተር። 6 ጊጋቢት የሚለው የፍጥነት ጣሪያ ሁለቱም ላይ ስለሚጻፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። ፎቶውን አስፊና መሰኪያውን እዪው። ሳታ ከሆነ በአጭሩ የዳታ መሰኪያና በረጅሙ የፓወር መሰኪያ መካከል ባዶ ክፍተት አለ። ሳስ ከሆነ ያ ክፍተት ተደፍኖ መሰኪያው አንድ ወጥ ነው። የሳታ ኬብል እዚያ ላይ አይገባም። በአዳፕተር አስገድደሽ ብታስገቢው እንኳ የዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ከሳስ ዲስክ ጋር መነጋገር አይችልም፣ ለብቻው የሚገዛ ካርድ ይፈልጋል። የሚሠራው የተገላቢጦሹ ነው፤ የሳታ ዲስክ በሳስ ካርድ ላይ ይነሳል።

ከሰርቨር የወጣ ዲስክ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። መሰኪያውን ሳሳየው ፊቱ ሲለወጥ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ምንም ከመግዛትሽ በፊት ኬዙን ክፈቺና ሦስት ነገር ንገሪኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ስንት የሳታ መሰኪያ አለ፣ ስንቱስ ባዶ ነው? የዲስኩ የፓወር ኬብል የሚነሳው ከፓወር ሰፕላዩ ነው ወይስ ከማዘርቦርዱ? ዲስክ የሚቀመጥበት ቦታስ ስንት ነው፣ የትልቁ የ3.5 ኢንች ነው ወይስ የትንሹ የ2.5? ከመንካትሽ በፊት ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ፣ የኬዙን ብረት በእጅሽ ያዝ አድርጊ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

ዜሮና_አንድ፦

ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ያ 500 ጊጋ አሥር ዓመት ሠርቷል። የማይተካው ነገር ሁሉ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው? ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርጂና ሦስት መስመር አንብቢልኝ፤ 05፣ ሲ5 እና ሲ6። ዛሬውኑ።

ድምፀ_ብርቅ፦

ደውዬ ትቼዋለሁ። ፎቶውን ሳሰፋው ልክ ጋሼ እንዳሉት ክፍተቱ ድፍን ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ገንዘቤን ውሃ ሊበላው ነበር።

ኬዙን ከፈትኩት። የሳታ መሰኪያ ሦስት አለ። አንዱን ሃርድ ዲስኩ፣ አንዱን ዲቪዲው ይዞታል፣ አንዱ ባዶ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ግን ለዲስክ የሚሆን ምንም ኬብል የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ካለ ትንሽ ነጭ መሰኪያ አንድ ኬብል ተነስቶ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ዲስኩና ወደ ዲቪዲው ይሄዳል። የዲቪዲው ጫፍ ደግሞ ከዲስኩ ያነሰ ነው። የ3.5 ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተይዟል። ከሱ አጠገብ አንዲት ባዶ የብረት ክፈፍ አለች፤ ስለካት ስፋቷ ሰባት ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

ዜሮና_አንድ፣ ያልከውን አነበብኩ። 05 ላይ መጨረሻው 8 ይላል። ሲ5 ላይ 18። ሲ6 ዜሮ ነው። ፕሮግራሙ ቢጫ ቀለም አሳይቶ ጥንቃቄ ብሏል። ፎርማት ባደርገው ይስተካከላል?

ዜሮና_አንድ፦

ፎርማት እንዳታደርጊ! ምንም አትንኪው።

05 ማለት ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ የዳታ ክፍሎች) ብዛት ነው። ሲ5 ደግሞ ዲስኩ ለማንበብ ተቸግሮ ገና ያልወሰነባቸው ናቸው። ያ ፕሮግራም ቁጥሩን የሚያሳየው በሄክስ፣ ማለትም በ16 እየቆጠረ፣ ስለሆነ 18 ያልሽው በእኛ አቆጣጠር 24 ነው። ቁጥሩ ራሱ ትልቅ አይደለም። የሚያሰጋው እያደገ ከሄደ ነው። ዲስኩ ዛሬ ላይሞት ይችላል፣ ነገ ግን የሚታመን አይደለም።

አሁን ማድረግ ያለብሽ ይሄ ነው። እሱ ላይ መቅዳትም ማስተካከልም አቁሚ። ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን የሚያሰባስበውን) አታስጀምሪ፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ልመርምር ልጠግን ቢልሽም እምቢ በዪው፤ የደከመ ዲስክን ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ ያለቀለትን እንዲጨርስ መግፋት ነው። በቅድሚያ የድምፅ ፋይሎቹን አውጪ። ድምፅ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፣ ፍላሽ ላይም ስልክ ላይም ይገባል። በሕይወት ከሌሉት ሰዎች ጀምሪ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አዲሱ ዲስክ እስኪመጣ አትጠብቂ።

ድምፀ_ብርቅ፦

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። የሴት አያቴን ድምፅ በሙሉ ወደ ስልኬ ገልብጫለሁ። የወንድ አያቴ እየሄደ ነው። ተመስገን፣ እስካሁን አልቆመም።

ሌሊት_ሠራተኛ፦

አይዞሽ። እኔም ቪዲዮ ነው የማስተካክለው፣ እና ያ ጠባብ ኬዝ ለሥራሽ በደንብ ይሆናል። ያቺ ሰባት ሴንቲሜትር ክፈፍ የ2.5 ኢንች ቦታ ናት። እዚያ ላይ የሳታ ኤስኤስዲ (በሚዞር ሳህን ፈንታ ቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ) አስቀምጪ፣ 500 ጊጋ ይበቃል። ዊንዶውሱና የያዝሽው ሥራ እሱ ላይ ይሁን። በአሮጌው ዲስክ ቦታ 3.5 ኢንች 4 ቴራ አስገቢ፣ ያለቀው ሁሉ እዚያ ይከማች።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳይሽ። ባለ 7200 አርፒኤም ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ150 እስከ 250 ሜጋባይት ይሰጣል። የሳታ ኤስኤስዲ 550 ገደማ። ይሄ ብቻ ቢሆን ብዙም አልልም ነበር። ግን ቪዲዮ ስትቆራርጪ ኮምፒውተሩ አሥር ቦታ ላይ አሥር ቁራጭ ፋይል ይፈልጋል፤ ሃርድ ዲስክ መርፌውን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ይደክማል፣ ኤስኤስዲ ደግሞ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። አሮጌ ኮምፒውተር አዲስ ሆኖ የሚሰማው በዚህ ነው እንጂ በራም አይደለም፣ እኔ በራሴ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሃርድ ዲስክ ብላችሁ ስለ 6 ጊጋቢት አትጨነቁ። የ3 ጊጋቢት ሳታ መሰኪያ በሰከንድ ወደ 300 ሜጋባይት ያሳልፋል፣ ሃርድ ዲስክ ያንን አይሞላም። አዲሱ ሳታ ከአሮጌው ጋር ይግባባል። 6 ጊጋቢቱን መሰኪያ ለኤስኤስዲው ስጡት።

ካቻቢቴ፦

የልጁ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ እኔም እሱን ነበር የምላት። የፓወሩን ነገር ግን ላስተካክል።

የዲቪዲው ጫፍ ትንሽ የሆነው ቀጭን ዲቪዲ ስለሆነ ነው። የሱ ፓወር 6 ፒን ነው፣ የዲስክ ደግሞ 15 ፒን። ስለዚህ ከዲቪዲው ነቅለሽ ኤስኤስዲ ላይ ልሰካ ብትዪ አይሆንም። ከሃርድ ዲስኩ ጫፍ ላይ አንዱን ለሁለት የሚከፍል የሳታ ፓወር ኬብል ግዢ። አንድ ሃርድ ዲስክና አንድ ኤስኤስዲ ይችላል። 3.5 ኢንች ዲስክ 12 ቮልትም 5 ቮልትም ይፈልጋል፣ ሲነሳ ደግሞ ለአንድ አፍታ ከ12 ቮልቱ መስመር እስከ 2 አምፒር ሊስብ ይችላል። 2.5 ኢንቹ ኤስኤስዲ በ5 ቮልት ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሸክሙም ቀላል ነው። ከማዘርቦርድ በሚነሳ ቀጭን ኬብል ላይ ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስክ ደርቢበት ብትዪኝ ግን እምቢ እልሽ ነበር።

ብሎኑንም ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው። የ3.5 ዲስክ ብሎን ወፍራምና ጥርሱ ሰፋ ያለ ነው። የ2.5 ደግሞ ኤም3 የሚባለው፣ ቀጭንና ጥርሱ ደቃቅ። አንዱን በሌላው ቦታ በካቻቢቴ አስገድደሽ ካጠበቅሽ የዲስኩ ጥርስ ይበላል። በእጅ ሲጀመር ቀለል ብሎ ካልዞረ ያ ብሎን የሱ አይደለም።

የብረት_ሳጥን፦

ሁላችሁም ስለ መሰኪያ ስታወሩ ዋናውን ዘለላችሁት። ድምፀ_ብርቅ፣ 4 ቴራ ስትገዢ ሲኤምአር መሆኑን አረጋግጪ። ኤስኤምአር ከሆነ ተይው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኩ ውስጥ ዳታ የሚጻፈው በክብ መስመሮች ላይ ነው። በሲኤምአር መስመሮቹ ጎን ለጎን ተለያይተው ይተኛሉ። በኤስኤምአር ግን ብዙ ዳታ ለማስገባት ሲባል የጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በአንዱ ጫፍ ላይ እንደሚደረበው መስመሮቹ ይደራረባሉ። ማንበብ ላይ ችግር የለውም። ችግሩ ያለው አሮጌውን አጥፍተሽ በቦታው ስትጽፊ ነው፤ አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር የተደረቡበትን ሁሉ ማንሳት እንደሚያስፈልግ ዲስኩም የጎረቤቱን መስመሮች አንብቦ መልሶ መጻፍ አለበት። ለዚህ ብሎ መጀመሪያ የሚቀበልበት ትንሽ መጠባበቂያ ቦታ አለው። እሱ እስኪሞላ ድረስ ዲስኩ ፈጣን ይመስላል። ሲሞላ በሰከንድ ጥቂት አሥር ሜጋባይት ላይ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

እኔ ላይ ደርሷል። ለአራት ዲስክ ሬይድ (ብዙ ዲስኮች እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩበት) ብዬ አንዱን ሳላጣራ ገዛሁ። አንድ ቀን ሌላኛው ዲስክ ሞተና አዲሱን ተክቼ መልሶ እንዲገነባ አስጀመርኩት። ለአንድ ሌሊት ያሰብኩት ሥራ ቀናት ፈጀ፣ በመሃል ሲስተሙ ዲስኩ አልመለሰልኝም ብሎ ከሬይዱ አወጣው። ያን ጊዜ ሳጥኑ ላይም ስቲከሩ ላይም ኤስኤምአር የሚል አንድም ቃል አልነበረም። እስከ 2020 ድረስ ገዢ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነበር። በዚያ ዓመት ተጠቃሚዎች ሲጮሁ ነው ትልልቆቹ አምራቾች የትኛው ሞዴል ኤስኤምአር እንደሆነ ዝርዝር ያወጡት።

ስለዚህ ስም አትግዙ፣ የሞዴል ቁጥር ግዙ። ደብሊውዲ ሬድ ፕላስ ሲኤምአር ነው። ፕላስ የሌለው ሬድ ከ2 እስከ 6 ቴራ ያለው ግን ኤስኤምአር ነው። አንዲት ቃል ናት ልዩነቷ። የሲጌት አይረንዎልፍ ሲኤምአር ነው፣ የ3.5 ኢንቹ ባራኩዳ 4 ቴራ ግን ኤስኤምአር። የቶሺባ ኤን300 ሲኤምአር ነው። ለሌላው ሙሉውን የሞዴል ቁጥር፣ ከሰረዙ በኋላ ያሉትን ፊደሎች ጨምራችሁ፣ አምራቹ ገጽ ላይ ፈልጉት።

ሌሊት_ሠራተኛ፦

የብረት_ሳጥን፣ ሬይድ ላይ ያልከውን እቀበላለሁ። ግን እሷ ሬይድ የላትም። ያለቀ ቪዲዮ አንዴ ትጽፋለች፣ ከዚያ ታነባለች። ለእንደዚህ ዓይነት ማከማቻ ኤስኤምአር ምን ይለዋል? እኔ ሁለት ዓመት ለባክአፕ ተጠቅሜበታለሁ፣ አልከፋኝም።

የብረት_ሳጥን፦

ለባክአፕ ብቻ ከሆነ አልከራከርህም። የእሷን ግን ልብ ብለህ እይ። 500 ጊጋ ሙሉ በአንድ ጊዜ ልትገለብጥ ነው፣ ከሚሞት ዲስክ ላይ። ነገ ደግሞ ኤስኤስዲው ሲሞላባት ትልቁ ላይ ቁጭ ብላ መቆራረጥ ትጀምራለች፣ ሁላችንም እናደርገዋለን። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ለምን ራሷን ታስጨንቅ?

ሌሊት_ሠራተኛ፦

ልክ ነህ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ አላሰብኩትም ነበር። ሲኤምአር ትግዛ።

ቀጭን_ላፕቶፕ፦

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መሃል ገባሁ። የእኔ ላፕቶፕ ነው። ኤም.2 የሚባል ማስገቢያ ስላለው ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ቁመቱም ልክ ነው፣ 2280። ግን ዲስኩ ላይ አንድ የተቆረጠ ቦታ አለ፣ ማስገቢያው ደግሞ ጥርሱ በሌላኛው በኩል ነው፣ አልገባም አለኝ። ተጭኜ ላስገባው?

ካቻቢቴ፦

አትጫን ወንድሜ፣ ማስገቢያውን ትሰብረዋለህ።

2280 ማለት ስፋቱ 22 ቁመቱ 80 ሚሊሜትር ነው፣ ሌላ ምንም አይናገርም። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው። በዚያ ቅርጽ ውስጥ ሳታም አለ፣ ከሳታ የተለየ ፈጣን የመነጋገሪያ መንገድ የሆነው ኤንቪኤምኢም አለ። ጥርሱ ያለበት ቦታ ኪይ ይባላል፤ የአንተ ማስገቢያ ቢ ኪይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ሳታ ነው። የገዛኸው ኤም ኪይ ነው። ኤም.2 ሳታ ዲስኮች በብዛት ሁለት ቁርጥ አላቸው፣ ሁለቱም ዓይነት ማስገቢያ ውስጥ ይገባሉ። ግን መግባትና መሥራት የተለያዩ ናቸው፤ ማስገቢያው ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሳታው ገብቶም አይታይም። የላፕቶፑን ሞዴል አምራቹ ገጽ ላይ ፈልግና የሚቀበለውን አንብብ። ሳጥኑን ካልቀደድከው መልስና ኤም.2 ሳታ ውሰድ።

ቀጭን_ላፕቶፕ፦

እሺ ጋሼ። አነበብኩት፣ «ኤም.2 ሳታ ብቻ» ይላል። ልመልሰው ነው። አሮጌውን የ2.5 ሃርድ ዲስክ መቀየርስ ይቻላል?

ዜሮና_አንድ፦

ይቻላል፣ ውፍረቱን ግን ለካው። የላፕቶፕ ዲስክ 7 ሚሊሜትርም 9.5 ሚሊሜትርም አለ። 7 በ9.5 ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ 9.5 ግን 7 ቦታ ላይ ክዳኑን አያስዘጋህም። 3 ቴራና ከዚያ በላይ የሆኑት የ2.5 ሃርድ ዲስኮች ደግሞ 15 ሚሊሜትር ናቸው፣ ላፕቶፕ ውስጥ አይገቡም። የሳታ ኤስኤስዲ በአብዛኛው 7 ነው።

አዲስ_ገቢ፦

የእኔ ሌላ ነው። የውጭ ሃርድ ዲስክ ሳጥን ፈትቼ ውስጡ ያለውን 3.5 ዴስክቶፕ ላይ ሰካሁት። ጭራሽ አይዞርም። ድምፅም የለውም። ወደ ሳጥኑ ስመልሰው ይሠራል። ተቃጠለ እንዳልል ይሠራል።

የብረት_ሳጥን፦

አልተቃጠለም። ከሳታ 3.3 ደረጃ ጀምሮ የፓወር መሰኪያው ሦስተኛ ፒን ለዲስኩ «ጥፋ» የሚል ትእዛዝ ማስተላለፊያ ሆኗል። የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች እዚያ ፒን ላይ 3.3 ቮልት ይልካሉ፤ ዲስኩ ያንን እንደ ትእዛዝ ይወስደውና አይነሳም። 3.3 ቮልት የማያሳልፍ ኬብል ካገኘህ ይፈታል፤ ባለ አራት ፒኑን የድሮ ሞሌክስ ወደ ሳታ የሚቀይረው እንዲህ ነው። አንድ ነገር አደራ፣ ጫፉ ፕላስቲክ ቀልጦ የተሞላበትን ዓይነት አትግዛ። ውስጡ ሽቦዎቹ እየተነካኩ ተቀጣጥለው ያውቃሉ። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተለይተው የተጨመቁበትን ውሰድ።

ድምፀ_ብርቅ፦

አዘዝኩ! 4 ቴራ ሬድ ፕላስ፣ 500 ጊጋ የሳታ ኤስኤስዲ፣ የፓወር መክፈያውና አንድ የሳታ ዳታ ኬብል። ድምፆቹ ሁሉ ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል፣ አሁን ትንሽ መተንፈስ ችያለሁ።

አንድ የሰማሁት ነገር ግን አስፈራኝ። አሮጌ ኮምፒውተር ከ2 ቴራ በላይ አያይም ይላሉ። እውነት ነው? የእኔ ዊንዶውስ 10 ነው።

ዜሮና_አንድ፦

ግማሹ እውነት ነው። ኤምቢአር የሚባለው የድሮ የክፍፍል ሰንጠረዥ ሴክተሮችን የሚቆጥረው በ32 ቢት ነው። ሴክተሩ 512 ባይት ሲሆን 2.2 ቴራ ላይ ቁጥሩ ያልቅበታል። አዲሱ ሰንጠረዥ ጂፒቲ ያ ገደብ የለበትም። ከ2 ቴራ በላይ ካለው ዲስክ ላይ ዊንዶውስ እንዲነሳ ከፈለግሽ ኮምፒውተሩ ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ የድሮው ባዮስ ተተኪ) ሊኖረው ይገባል። አንቺ ግን ዊንዶውስን የምታስነሺው ከኤስኤስዲው ነው። 4 ቴራው ዳታ ብቻ ስለሆነ ጂፒቲ ምረጪ፣ አለቀ።

ሲደርስሽ ሳጥኑን ከመጣልሽ በፊት ስቲከሩ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ካዘዝሽው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ። ከገጠምሽ በኋላ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ የሠራበትን ሰዓት እዪ። አዲስ ከሆነ ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

ድምፀ_ብርቅ፦

ደረሰ። ሞዴሉ ልክ ነው። የሠራበት ሰዓት 0 ይላል። ብሎኑን ጋሼ እንዳሉት በእጄ ጀመርኩት፣ ቀለል ብሎ ዞረ። ዊንዶውስ ኤስኤስዲው ላይ ተጭኖ ተነስቷል፣ አሮጌውን ለጊዜው ነቅዬ አስቀምጬዋለሁ። ግን 4 ቴራው ማይ ኮምፒውተር ውስጥ የለም! ባዮስ ላይ ስሙ ይታያል። ሲዞርም ይሰማኛል።

ካቻቢቴ፦

አይዞሽ፣ ጤነኛ ነው። አዲስ ዲስክ ባዶ መሬት ነው፣ አጥር የለውም። ስታርት ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጊና ዲስክ ማኔጅመንት የሚለውን ክፈቺ። ኢኒሺያላይዝ ላድርግ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል፣ ጂፒቲ በዪ። ከዚያ ጥቁር መስመር ያለበትን ባዶ ቦታ በቀኝ ነክተሽ አዲስ ቮልዩም ፍጠሪ። ከመጫንሽ በፊት መጠኑን ሁለት ጊዜ አንብቢ። አሮጌው ዲስክ መነቀሉ በጣም ጥሩ ነው፣ በስህተት እሱን የምታጠፊበት መንገድ የለም።

ድምፀ_ብርቅ፦

ታየ! ግን 3.63 ቴራ ነው የሚለው። የቀረው የት ሄደ?

ዜሮና_አንድ፦

የትም አልሄደም። አምራቹ ቴራን በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። 4 ትሪሊዮን ባይት በዊንዶውስ አቆጣጠር 3.63 ነው። አሁን አሮጌውን ሰክተሽ ቪዲዮዎቹን ገልብጪ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትምረጪ፣ ፎልደር በፎልደር ሂጂ። አንዱ ላይ ከቆመ ዝለዪውና ወደሚቀጥለው እለፊ፣ የተዘለሉትን መጨረሻ ላይ ትመለሺባቸዋለሽ።

ድምፀ_ብርቅ፦

ትናንት ማታ ጀምሬ አሁን ነው የጨረስኩት። ዲቪዲውን ነቅዬ መሰኪያውን ለአሮጌው ሰጠሁት፣ ፓወር ደግሞ ዩኤስቢ አዳፕተር ተውሼ በራሱ መሰኪያ ሰጠሁት። ሁለት ፋይሎች ላይ ቆመ። አንደኛው ካሜራው ካርድ ላይ ኦሪጅናሉ ነበረኝ። ሁለተኛው አክስቴ ስለ ሰርጓ ያወራችበት ነው። ሌላ ቦታ የለኝም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም እዚያው 71 በመቶ ላይ ቀጥ አለ። ሲ5 አሁን 20 ይላል፣ በእኛ 32 ማለት ነው አይደል?

ዜሮና_አንድ፦

አዎ 32 ነው፣ እያደገ ነው። በተለመደው ኮፒ አትሞክሪው ከዚህ በኋላ። ዲዲሬስኪዩ የሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም አለ። ቀላሉን ክፍል መጀመሪያ ያወጣል፣ ያስቸገረውን ትቶ ያልፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ያንን ትንሽ ቦታ ብቻ ደጋግሞ ይሞክራል። የደረሰበትንም እየመዘገበ ስለሚሄድ ብታቋርጪው ካቆመበት ይቀጥላል። 4 ቴራው ላይ ቦታ ስላለሽ ሙሉውን ዲስክ እንደ አንድ ፋይል አውጪው። ትእዛዙን በውስጥ እልክልሻለሁ። ምንጭና መድረሻውን እንዳታለዋውጪ ከመጫንሽ በፊት የጻፍሽውን መልሰሽ ላኪልኝ።

ድምፀ_ብርቅ፦

ዜሮና_አንድ፣ አምስት ሰዓት ፈጀ። መጨረሻ ላይ 4 ኪሎባይት ብቻ ሳይነበብ ቀረ። ፋይሉን ከፈትኩት። አክስቴ ስለ ቀሚሷ ስትናገር ምስሉ ለአንድ አፍታ አረንጓዴ ይሆንና ይመለሳል። ድምፁ አልተቆረጠም። እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ካቻቢቴ፦

እልል! አሮጌውን ዲስክ እንዳትጥዪው። የ4 ቴራው ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ እስኪቀመጥ ድረስ በወረቀት ጠቅልለሽ ደረቅ ቦታ አኑሪው።

ድምፀ_ብርቅ፦

ጠቅልዬ ላዩ ላይ ቀኑን ጽፌበታለሁ። ለሁለተኛው ቅጂ የውጭ ዲስክ አዝዣለሁ፣ ሌሊት_ሠራተኛ እንዳለው ለሱ ኤስኤምአር ይበቃኛል። ኬዙን ዘግቻለሁ፣ አሁን የእናቴን ታላቅ እህት ልቀዳ መሄዴ ነው።

ቀጭን_ላፕቶፕ፦

የእኔም ደረሰ። ኤም.2 ሳታ፣ ሁለት ቁርጥ ያለው። ሳልጫነው ገባ።